ከማሽኑ በፊት የቱቦው አፍ፤ የቀራንዮ ወርክሾፖችን አቧራና ጭስ የማስወገድ ጉዳይ

በአዲስ አበባ፣ በአየር ጤና፣ በቀራንዮ መድኃኔዓለም፣ በቤተልና በዓለም ባንክ አካባቢ የመጋዝና የግራይንደር ድምፅ የማይሰማበት መንገድ ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የበርና የመስኮት ሥራን ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ሲሰጥ፣ በመላው ከተማዋ ብዙ ወጣት በያጅና አናጢ ሆነ። ሼድ ተሠራለት፣ ብድር ተመቻቸለት፣ ማሽን ገዛ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የተረሳው አየሩ ነበር። ሼዱ ሲነደፍ የኤሌክትሪክ መስመር ታስቦበታል፤ ጭሱና ሰጋቱራው በየት በኩል እንደሚወጣ ግን ብዙ ጊዜ አልታሰበበትም።

ዛሬ ነገሩ እየተለወጠ ነው። ሥራው ያደገለት ባለሙያ፣ ሳል የጀመረው ባለሙያ፣ ከጎረቤት አቤቱታ የበዛበት ባለሙያ «የትኛውን አቧራ መሳቢያ ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። መርካቶ ሲወርድ ከቻይና የመጡ ባለከረጢት መሳቢያዎች፣ የግድግዳ ቬንትሌተሮችና ጎማ እግር ያላቸው የብየዳ ጭስ ማጣሪያዎች ያገኛል። ሻጩ የፈረስ ጉልበቱን ይነግረዋል፤ ዋጋውን ይነግረዋል፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል። የዚህ ዳሰሳ ሐሳብ አንድ ነው፦ ምርጫው ከተሳሳተው ጫፍ እየተጀመረ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት አቧራው የሚነሳበት ቦታና የቱቦው አፍ ነው። ከዚያ ቱቦው፣ ከዚያ ማራገቢያው ይከተላል፤ ማጣሪያው መጨረሻ ነው።

በቅድሚያ ግን በአየሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ እንለይ፤ የእንጨት ቤትና የብየዳ ቤት ችግር አንድ ዓይነት አይደለምና።

ከመጋዝና ከፕሌነር የሚወጣው ሻካራ ሰጋቱራ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ያስቸግራል እንጂ ወደ ሳንባ ጥልቀት አይደርስም። የሚጎዳው በሳንደርና በብርጭቆ ወረቀት የሚነሳው፣ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ ብቻ የሚታየው ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በ1995 እ.ኤ.አ. ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ አስገብቶታል፤ በተለይ የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶች ካንሰር። ዛሬ ቁም ሳጥንና የወጥ ቤት ካቢኔት በብዛት የሚሠራበት ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ደግሞ ሙጫው ፎርማልዴሃይድ ያለበት ስለሆነ ጉዳቱ ይደራረባል። በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቺፕውድ ፋብሪካዎች ላይ የታተመ ጥናትም በሠራተኞቹ ዘንድ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ምልክቶች በብዛት እንደሚታዩ አሳይቷል። እነዚያ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ጣራቸው ከፍ ያለ፣ አዳራሻቸው ሰፊ ነው። ያንኑ ጣውላ በጠባብ ሼድ ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚቆርጠውን ሰው አስቡት።

የብየዳ ጭስ ከዚህም ይረቅቃል። ብረቱ ቀልጦ ይተንና መልሶ ሲረጋ የሚፈጠረው ቅንጣት በአብዛኛው ከ1 ማይክሮን ያነሰ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ያው ኤጀንሲ በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በሙሉ፣ ተራውን ብረት ጨምሮ፣ ከካንሰር አምጪዎች ተርታ መድቦታል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የብሪታኒያ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ለማንኛውም የቤት ውስጥ ብየዳ መሳቢያ ግዴታ ነው ሲል አወጀ። ስቴንለስ ሲበየድ ክሮሚየም ይወጣል፤ በተራው ብረትና በኤሌክትሮዱ ልባስ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ደግሞ ሲጠራቀም ነርቭን ይጎዳል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ የበየደ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፤ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ብርድ መታኝ ወይም ወባ ተነሳብኝ ይላል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይለቀዋል፤ ስለዚህም ይረሳዋል። ያ ከቱቦው ልባስ የሚነሳው የዚንክ ጭስ ያመጣው ትኩሳት ነው።

በብዙ የብየዳና የቀለም ቤቶች ለሠራተኛው ወተት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ሠራተኛውን ከማሰብ የመጣ ልማድ በመሆኑ ልቡ መልካም ነው። ነገር ግን ወተቱ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ለወተት የሚወጣው ገንዘብ ለቱቦ ቢውል ይሻል ነበር።

አሁን ወደ ቱቦው አፍ እንምጣ። አየር ሲነፋና ሲሳብ ባሕርይው አንድ አይደለም። የሚነፋ አየር ሩቅ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ስለሚሰበሰብ ከአፉ ትንሽ ሲርቁ ጉልበቱ ይጠፋል። ከቱቦው አፍ የአንድ ቱቦ ስፋት ያህል ስንርቅ የአየሩ ፍጥነት በአፉ ላይ ከነበረው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። በቁጥር እንየው። የብየዳ ጭስን ለመያዝ ጭሱ በሚነሳበት ቦታ ላይ ቢያንስ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ አየር ያስፈልጋል። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ከብየዳው 15 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሲቆም ይህን ለማግኘት በሰዓት 440 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይበቃዋል። ያንኑ ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ብናርቀው 1,650 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው አየር ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ጣራ ላይ የተሰቀለ ቬንትሌተር የበያጁን ጭስ የማይወስደው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲያውም ጭሱን ወደ ላይ ሲጎትት በበያጁ ፊት በኩል ያሳልፈዋል።

እንግዲህ ባለብዙ ፈረስ ጉልበት ማሽን በሩቅ ከማቆም፣ መካከለኛ ማሽን ይዞ አፉን እስከ ብየዳው ማቅረብ ርካሽም ነው፣ የተሻለም ነው። የሚታጠፍና በቆመበት የሚረጋ ክንድ ከውጭ ሲመጣ ውድ ነው፤ ግን ቱቦላሬ የሚበይድ ሰው ማጠፊያ መሥራት አያቅተውም። ክንዱ በአንድ እጅ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሠራተኛው ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ጎን ገፍቶት ይተወዋል። ለመጋዝና ለፕሌነር ደግሞ አፉ ከማሽኑ ጋር የተገጠመ፣ ምላጩን ከሥርም ከላይም የከበበ መሆን አለበት፤ ሰጋቱራው ምላጩ በወረወረው አቅጣጫ ሄዶ ቱቦው ውስጥ ይግባ።

ይህን መፈተሻው በየቤታችን አለ። ትንሽ እጣን በፍም ላይ አድርጎ ጭሱን በሥራው ቦታ ላይ መያዝ ነው። ጭሱ ተጎትቶ ወደ ቱቦው ከገባ አፉ ይሠራል፤ ተንሳፍፎ ወደ ፊት ከመጣ አይሠራም። ይህ የሚደረገው ገና ቀለምና ቲነር ሳይከፈት፣ ሰጋቱራው ከተጠረገ በኋላ ነው። ማሽን ለመግዛት የሄደ ሰውም ሻጩን «አስነሳልኝ» ብሎ በዚሁ መንገድ ቢፈትን አይወቀስም።

ቱቦው ላይ ብዙ ማለት አይጠበቅብኝም። ክብ ይሁን፤ አራት ማዕዘን ቱቦ በጥጉ አቧራ ያጠራቅማል። መታጠፊያው ሰፊ ቅስት ይሁን፤ ቅርንጫፉ በዘጠና ዲግሪ ሳይሆን በሰላሳ ወይም በአርባ አምስት ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይግባ። የሚጠማዘዘው ባለሽብሽብ ቱቦ ለመጨረሻዋ አንድ ሜትር ብቻ ይሁን፤ አየሩን ከለስላሳ ላሜራ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይይዘዋልና። ሰጋቱራ በቱቦ ውስጥ ሳይተኛ እንዲሄድ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መሮጥ አለበት። ይህ በ15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ሲሰላ በሰዓት 1,270 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። ለብየዳ ጭስ ከ10 እስከ 13 ሜትር ይበቃል። ሰፊ ቱቦ ሁልጊዜ የተሻለ የሚመስለው ሰው ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቱቦው ሲሰፋ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ሰጋቱራው ውስጥ ይከመራል።

ማራገቢያ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። በግድግዳ የሚገጠመው፣ ክንፉ እንደ ጠረጴዛ ቬንትሌተር የሆነው ዓይነት ብዙ አየር ያንቀሳቅሳል፤ ግፊት ግን የለውም። ከፊቱ ቱቦ ወይም ማጣሪያ ሲደረግበት ድምፁ እንጂ ሥራው አይቀጥልም። ለቱቦና ለማጣሪያ የሚሆነው አየሩን ከመሃል ስቦ በጎን የሚወረውረው ሴንትሪፉጋል ብሎወር ነው። የማሽኑ ወረቀት ላይ ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ከፍተኛ የአየር መጠንና ከፍተኛ ግፊት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም። የመጀመሪያው የተለካው ቱቦ ሳይኖረው፣ ሁለተኛው አፉ ተደፍኖ ነው። ገዢው መጠየቅ ያለበት «በዚህ ያህል ግፊት ስንት ሜትር ኩብ ይሰጣል?» ብሎ ነው። ሳይክሎንና ማጣሪያ ላለው የእንጨት ቤት 2,000 ፓስካል አካባቢ ታስቦ ቢጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው።

የአዲስ አበባ ገዢ ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ ሻጭ ሲናገራቸው አይሰማም። አንደኛው ከፍታችን ነው። ቀራንዮ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የማሽኑ ወረቀት የተሞላው ግን በባሕር ወለል አየር ነው። ማራገቢያው እዚህም ያንኑ ሜትር ኩብ ያንቀሳቅሳል፤ ግፊቱ ግን 2,000 ፓስካል የተባለው ወደ 1,500 ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ያለው እንቅፋትም በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ቱቦ ብቻ ያለው ሥርዓት ብዙም አይጎዳም። የማጣሪያ ጨርቅ እንቅፋት ግን በአየሩ መሳሳት አይቀንስም። ማጣሪያ ያለው ማሽን እዚህ ሲሠራ ከተጻፈለት በታች የሚሆነው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ሰፋ ያለ ማጣሪያ መምረጥና ግፊቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ መግዛት ነው።

ሁለተኛው ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ነው። ዘመድ የላከው ወይም ያገለገለ ማሽን ብዙ ጊዜ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ቮልቴጁን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ ከስድስት እጅ በአምስቱ ብቻ ይዞራል፤ የአየር መጠኑ ወደ 83 በመቶ፣ ግፊቱ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ከፍታው ሲጨመርበት ከግፊቱ የሚቀረው ግማሽ ያህሉ ነው።

ከማራገቢያ ቀጥሎ መለያው ይመጣል። ሳይክሎን አየሩን እያሽከረከረ ከባዱን ሰጋቱራ ወደ በርሜል የሚጥል የላሜራ ቀፎ ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ አይበላሽም። ከ10 ማይክሮን በላይ ያለውን በአብዛኛው ይይዛል፤ ረቂቁን ያሳልፋል። ደስ የሚለው ነገር እዚሁ ቀራንዮ ውስጥ ሊሠራ መቻሉ ነው። ቀደም ብሎ ላሰላነው 1,270 ሜትር ኩብ፣ ስፋቱ 43 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ የሲሊንደሩ ቁመት የስፋቱ ሁለት እጥፍ፣ ከሥሩ ያለው ሾጣጣም እንዲሁ ሁለት እጥፍ። በድምሩ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ይሆናል። የአየር መግቢያው በጎን በኩል ቁመቱ የሲሊንደሩ ስፋት ግማሽ፣ አግድሙ ሩብ ነው። ከላይ በመሃል የሚወጣው ቱቦ የስፋቱ ግማሽ፣ ከሥር ሰጋቱራው የሚወርድበት ቀዳዳ ሩብ። ይህ ከቆየ የምህንድስና ልማድ የተወሰደ መጠን ነው፤ ማንኛውም የላሜራ ባለሙያ ይቆርጠዋል። ሊጠነቀቅበት የሚገባው ከሥር ያለው በርሜል ነው፤ ክዳኑ ትንሽ እንኳ አየር ካስገባ የወረደው ሰጋቱራ ተመልሶ ይነሳል።

ከሳይክሎኑ በኋላ የሚመጣው ማጣሪያ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ርካሹ ባለከረጢት መሳቢያ ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ከ30 ማይክሮን በላይ ያለውን ብቻ የሚይዝ ነው። ትልቁን ሰጋቱራ ከመሬት ያነሳል፤ ረቂቁን ደግሞ ከአንድ ጥግ ወስዶ በሰው የትንፋሽ ከፍታ ላይ ለቤቱ ሁሉ ይበትናል። ቤቱ ንጹሕ ይመስላል፤ አየሩ ግን ብሷል። አየሩ ተመልሶ ወደ ክፍሉ የሚገባ ከሆነ 1 ማይክሮን የሚይዝ ማጣሪያና ለተጠቀሰው የአየር መጠን 10 ሜትር ካሬ ያህል ጨርቅ ቢኖር እመርጣለሁ። መደፈኑን ለማወቅ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ ውኃ ሞልቶ ማሰር ይበቃል። የውኃው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ሲሆን 10 ፓስካል ነው። ማጣሪያው አዲስ ሳለ ያለውን ልዩነት በቀለም ምልክት አድርጎ፣ እጥፍ ሲሆን ማራገፍ ነው።

ለመሆኑ አየሩን ለምን እንመልሰው? በአውሮፓ አጣርቶ መመለስ የተለመደው ክረምቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፤ ሞቆ የወጣ አየር ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ወርክሾፕ የሚያሞቅ የለም። ስለዚህ እዚህ አየሩን ወደ ውጭ ማውጣት የሚያስከፍለን ቱቦውን ብቻ ነው፤ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ለብየዳ ቤት የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ባለጎማ የጭስ ማጣሪያ ከመግዛት ክንድ፣ ብሎወርና ከጣራ በላይ የሚወጣ ቱቦ ይሻላል። ባለጎማው ማሽን ሲገዛ ያምራል፤ ማጣሪያው ሲደፈን ግን ያው ዓይነት መለዋወጫ እስኪገኝ ጥግ ይዞ ይቆማል። ሥራው በየቦታው የሚዞርና ቋሚ ቱቦ የማይደርስበት ከሆነ ብቻ እቀበለዋለሁ።

ወደ ውጭ ሲባል ወደ ጎረቤት ማለት አይደለም። በቀራንዮ ሼዱና መኖሪያው ግድግዳ ለግድግዳ ነው። በጎን መስኮት የወጣ ጭስ የሚገባው ልብስ የተሰጣበት ግቢ ነው። ቱቦው ከጣራው ጫፍ በላይ ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ የእንጨት ቤት ከሆነ ደግሞ ከሳይክሎንና ከማጣሪያ በኋላ። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ቱቦው ላይ የሚደፋው ባርኔጣ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል። በእሱ ፋንታ በቱቦው ጫፍ ዙሪያ ሰፋ ያለ ሌላ ቱቦ ደርቦ፣ ክፍተት ትቶ ማቆም ይቻላል፤ ዝናቡ በክፍተቱ ይወርዳል፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡና ብርዱ በር ሲያዘጋ፣ በተከፈተ በር የሚተማመን ቤት ምን እንደሚሆን ባለሙያው ራሱ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ድርድር መከልከል አለበት፦ የግራይንደርን ብልጭታና የእንጨትን ሰጋቱራ በአንድ መሳቢያ ማስገባት። በአንድ ሼድ በቆርቆሮ ብቻ ተለያይተው በያጅና አናጢ ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ ወጪ ለመጋራት ሲባል ይህ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ብልጭታው በማጣሪያው ውስጥ ደረቅ ብናኝ ያገኛል፤ አየር ደግሞ ማራገቢያው ይሰጠዋል። ሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቦዝሊ በተባለ ቦታ የእንጨት ዱቄት የሚፈጭበት ፋብሪካ ፈንድቶ አራት ሰው ሞቷል። ለእንጨት የሚዘረጋው ቱቦ የብረት ይሁን፤ ከመሬት ጋር በሽቦ ይታሰር፤ በርሜሉ ማታ ማታ ይገልበጥ። የሚወጣው ሰጋቱራ የዶሮ ጉዝጓዝና የምድጃ ማገዶ ሆኖ ይሸጣል፤ የኤምዲኤፍና የቺፕውዱ ግን ሙጫና ኬሚካል ስላለበት ለሁለቱም መዋል የለበትም።

የቀለምና የላኬር ርጭት ሌላ ጉዳይ ነው። የቲነር ትነት በጨርቅ ማጣሪያ አይያዝም፤ የአቧራ ማስክም አይመልሰውም። የተለየ ክፍል፣ ብልጭታ የማያወጣ ማራገቢያና ከሰል ያለበት ማስክ ይፈልጋል። ለግራናይትና ለሴራሚክ ቆራጮች ደግሞ ከማንኛውም መሳቢያ በፊት ውኃ ይቅደም፤ ግራናይት የሳንባ ፀር የሆነው ሲሊካ አለበት፤ ውኃው ደግሞ በገንዳ ረግቶ ተመልሶ ሊሠራ ይችላል።

ምንም ያህል ጥሩ መሳቢያ ቢተከል የሚያበላሹት ሁለት ልማዶች አሉ። ማታ ሥራ ሲያልቅ በያጁም አናጢውም ኮምፕሬሰሩን ይከፍትና ልብሱን፣ ፀጉሩን፣ ጠረጴዛውን ያራግፍበታል። ቀኑን ሙሉ የተያዘው ረቂቅ አቧራ በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ አየር ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሳቢያው ጠፍቷል፣ ማስኩም ወልቋል። ሁለተኛው ደረቅ መጥረጊያ ነው። ወለሉን ርጥብ አድርጎ መጥረግ፣ ልብሱን በመሳቢያው ቱቦ መምጠጥ ገንዘብ አይጠይቅም። ማስክን አልንቅም፤ ፊት ላይ በትክክል የሚገጥም ኤን95 ለሳንደር ሥራ ያስፈልጋል። አንገት ላይ የሚጠመጠም ሻሽና ቀጭኑ የሕክምና ማስክ ግን ለብየዳ ጭስ መከላከያ አይደሉም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን ከተቀበለች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ችግሩ አዋጁ የተጻፈው አሠሪና ሠራተኛ ለሚባሉ ሁለት ወገኖች መሆኑ ነው። በሼድ ውስጥ በያጁ የማኅበሩ አባልና ባለቤት ነው፤ ራሱን በራሱ ነው የሚያሠራው። ስለዚህ የሚሟገትለትም የሚቆጣጠረውም እምብዛም የለም።

መፍትሔው የአንድ ማኅበር ቱቦ ብቻ መሆን የለበትም። ስድስትና ስምንት ብየዳ ቤት ባለበት የሼድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ክንድና መዝጊያ፣ በጣራው ላይ አንድ ዋና ቱቦና አንድ ብሎወር ቢኖር ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል፤ የማይበየድበት ቤት መዝጊያውን ይዘጋል። ለጥበቃና ለመብራት እንደሚዋጣው ሁሉ ለዚህም ማዋጣት ይቻላል። ክፍለ ከተማው አዲስ ሼድ ሲያሠራ ይህን በዲዛይኑ ያስገባ፤ እንደ ተግባረ እድና ጄኔራል ዊንጌት ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎችም ሳይክሎንና ክንድ መሥራትን ለተማሪዎቻቸው የተግባር ሥራ ያድርጉት። ማኅበራት ሆይ፣ ገንዘብ ይዛችሁ ወደ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ከብየዳው እስከ ቱቦው አፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ መጀመሪያ ክንዱን ሥሩ።